አባባ ያላሏቸው ዘጠኝ ዓረፍተ ነገሮች

ሰኞ፣ ጥር 3

ይህን ደብተር ማንም እንዳይከፍተው ሽፋኑ ላይ «የኬሚስትሪ ቀመሮች» ብዬ ጽፌበታለሁ። እኛ ቤት በገዛ ፈቃዱ ኬሚስትሪ የሚከፍት ፍጡር የለም፤ እኔም ብሆን።

ቅጣቴ ዛሬ ተጀመረ። ጥፋቴ የርዕሰ መምህሩን አረማመድ ክፍል ውስጥ መኮረጄ ሲሆን፣ ነገሩን ያባባሰው ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆመው ማየታቸው ነው። እማዬ ተጠርታ መጣች፤ ሰማች፤ ከንፈሯን ነከሰች። (ሳቋን ለማፈን እንደነከሰች የምናውቀው እኔና እሷ ነን።) ፍርዱ ግን ከባድ ነው፦ ከትምህርት ቤት መልስ በየቀኑ ሁለት ሰዓት የአባባን መጽሐፍ መተየብ።

አባባ የእማዬ አባት ናቸው። አርባ ዓመት ታሪክ አስተምረው ጡረታ ወጡ፤ ዓይናቸውም አብሯቸው ጡረታ ወጣ። መሀሉ ጠፍቶባቸው ዳር ዳሩን ብቻ ያያሉ። ስለዚህ አንድ ሰው ለማየት ሲፈልጉ ከሰውየው ጎን ያለውን ግድግዳ ያፈጡበታል። እንግዶች ግድግዳው ላይ ምን እንዳለ ለማየት ዞር ይላሉ።

መጽሐፉ «መቶ ሰዎች» ይባላል። ባሕር የተሻገሩ፣ ካርታ የሠሩ፣ እስር ቤት ያሻሻሉ፣ ለሴት ልጅ ትምህርት ቤት የከፈቱ ሰዎች ታሪክ ነው። ሁሉም አባባ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። ስልሳውን እማዬ ጽፋ ጣቶቿ ደከሙ። አርባው ለእኔ ተረፈ።

ረቡዕ፣ ጥር 5

አባባ ሲያጽፉ ቁጭ አይሉም። በከዘራቸው ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለሳሉ፤ ሥርዓተ ነጥቡንም አብረው ይናገራሉ። «መርከቢቱ ተሰበረች ነጠላ ሰረዝ እሱ ግን አልተሰበረም አራት ነጥብ።» ራት ላይ ረስተውት «ጨው አቀብዪኝ አራት ነጥብ» አሉኝ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር ስማቸው ክቡር አራት ነጥብ ነው።

የመቶዎቹ ሰዎች ስም አንዳንዱ ከመስመር ይረዝማል። እዚህ በሥራቸው ነው የምጠራቸው።

«የጻፍኩትን ላንብብልዎት አባባ?» አልኳቸው።

«አርባ ዓመት የተማሪ ደብተር ሳርም ነው ዓይኔ ያለቀው። ያንቺን አላርምም። አምኜሻለሁ፣ ጻፊ።»

ዓርብ፣ ጥር 7

አደረግኩት።

መርከበኛው ዓለምን ዞሮ ገና አገሩ እንደገባ ክቡር አራት ነጥብ ውሃ ሊጠጡ ወጥ ቤት ሄዱ። የኮምፒውተሩ ጠቋሚ እዚያው ብልጭ ድርግም እያለች ትጠብቀኛለች። «ይሁን እንጂ እስከ ዕለተ ሞቱ ዶሮ ይፈራ ነበር።» ብዬ ጻፍኩ።

ተመለሱ። «የት ደረስን?»

«አገሩ ገባ፣ አራት ነጥብ።»

«ጎበዝ» አሉኝ። ትራሴን ነክሼ እስኪያመኝ ሳቅኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 13

ቀላል ሥራ እንዳይመስል። አባባ መጀመሪያ ያሞግሳሉ፣ ከዚያ «ይሁን እንጂ» ይላሉ፣ ከዚያ ያዝናሉ። እኔ የምሰካው «ይሁን እንጂ» ላይ ነው። ዓረፍተ ነገሩ የእሳቸውን ካፖርት ለብሶ መምጣት አለበት።

እስካሁን አራት ሆነዋል። ካርታ ሠሪው የዓለምን ካርታ ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገድ ጠፍቶበት ሦስት ቀን ጎረቤት አድሯል። ለሴቶች ትምህርት ቤት የከፈተችው ፈተና ላይ ትኮርጅ ነበር። የዛሬዋ ግን የሁሉም ቁንጮ ናት። እስር ቤት ያሻሻለችው ወይዘሮ፦ «ይሁን እንጂ ማንኮራፋቷ ከመብዛቱ የተነሳ እስረኞቹ ወደ ሌላ እስር ቤት እንዲዛወሩ ማመልከቻ ጻፉ።»

የወንበር ጓደኛዬ ክፍል ውስጥ አንብባው በሳቅ እንባዋ ወርዶ ተባረረች። ክብሬ ከፍ ብሏል።

አንድ ነገር። አባባ ስለዚያች ወይዘሮ ሲያጽፉኝ ታማሚ እስረኞችን በገዛ እጇ ማጠቧ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቆረጠ። ዞረው ወደ መስኮቱ ሄዱ። የሰካሁት ያኔ ነው። አመቺ ጊዜ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥር 25

አለቀ። መቶ ሰዎች፣ ከእነሱ መሀል የእኔ ዘጠኝ ዓረፍተ ነገሮች። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ቁጭ ብዬ አወጣቸዋለሁ። ለራሴ አንድ ቅጂ አስቀርቼ።

ዓርብ፣ ጥር 28

ከትምህርት ቤት ስመለስ የለም። ፋይሉ ማለቴ ነው። የአባባ የድሮ ተማሪ፣ አሁን ዳኛ የሆኑት፣ መጥተው በፍላሽ ወስደውታል። የድሮ ተማሪዎቻቸው ተባብረው ሁለት መቶ ቅጂ ሊያሳትሙላቸው ነው። እማዬ በደስታ ቤቱን ሁለት ጊዜ ጠረገችው።

«እንትን... የሚያርመው ሰው አለ?» አልኳት።

«ፊደሉን አታሚው ያያል። ዳኛው 'የመምህሬን ቃል ማረም የእኔ ደረጃ አይደለም' አሉ።»

ደህና። አታሚው ያየዋል። ዶሮ የሚፈራ መርከበኛ እንዴት ያልፈዋል?

ረቡዕ፣ የካቲት 10

ለዳኛው ልደውል ስልኩን አነሳሁ። አስቀመጥኩት። «መስመሩ ተይዟል» ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ሳልደውል።

አባባ ለመጽሐፉ ምረቃ ሱፋቸውን አሳጠቡ። ንግግራቸውን ኮሪደሩ ላይ ይለማመዳሉ። ንግግሩ ውስጥ እኔ አለሁ፤ «ዓይኔ የሆነችኝ የልጅ ልጄ» ይላል። ጆሮዬን ደፍኜ የቤት ሥራ ሠራሁ። ኬሚስትሪ። እስከዚህ ደርሻለሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 20

ታተመ። ዘጠኙም አሉ። ጠዋት ካርቶኑ ሲከፈት አየሁ። የሰፈራችን ንባብ ቤት አዳራሽ ሞልቷል። አባባ የፊት ወንበር። እኔ ከኋላ። ዳኛው ሊያነቡ ነው። የትኛውን ገጽ? የማንን

እሑድ፣ የካቲት 21፣ ከሰዓት በኋላ

የወይዘሮዋን።

ዳኛው «መምህራችን ክፍል ውስጥ ስለ እሷ ሲነግሩን ነው ዳኛ ልሁን ያልኩት» ብለው ጀመሩ። ድምፃቸው ያምራል። ታማሚዎቹን በገዛ እጇ አጠበች ሲሉ አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ «ይሁን እንጂ» አሉ።

አነበቡት። ቆሙ። የተሳሳቱ መስሏቸው መነጽራቸውን አስተካክለው ደግመው አነበቡት። ከኋላ ያሉ ልጆች ፈነዱ። ከዚያ ትልልቆቹ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ሰው ቀልድ ነው ብሎ ሲያስብ የሚስቀው ነው። አባባ ሳቁ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጭንቅላታቸውን ወዲያ ወዲህ አዞሩ። ከዚያ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ይቅርታ» አሉ። «ይህን... ይቅርታ አድርጉልኝ።» ተቀመጡ። የተለማመዱት ንግግር ቀረ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እላለሁ ብዬ ነበር፤ ሰው እንደዚያ የሚለው ግን ሌላ ሰው እያየው ሲሆን ነው። እኔን ያየኝ የለም። ወጣቶች ጁስ ያዙ፣ እኔም ያዝኩ። ከጀርባዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«ምን ያህል አነበቡ መሰለሽ በሕይወታቸው።»

«ጭንቅላትም ይሞላል፣ የኔ እመቤት። ሲሞላ ደግሞ ይፈሳል።»

እቤት አጎቴ ጠበቀን። አጎቴ የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ ኢንሹራንስ ይሸጣል፤ እኛም ኢንሹራንስ እንለዋለን። ሻይ ሲጠጣ እንኳ ስለ ቃጠሎ ያስባል። መጽሐፉን ይዞ ሶፋው ላይ ተቀምጦ በእርሳስ ሲያሰምር አገኘነው። «ዶሮ» አለ ለእማዬ በሹክሹክታ። «ዶሮ፣ እህቴ።»

ማታ ላይ አባባ ወደ ክፍላቸው ጠሩኝ። ከጎኔ ያለውን ግድግዳ እያዩ አንድ ነገር ጠየቁኝ። መለስኩ። ወጣሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 24

ሐኪም ቤት ሄዱ። እኔ ማን ይከተል ሲባል እጄን ያወጣሁት ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሐኪሟ ዕለቱን ጠየቀቻቸው፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ እንዲቆጥሩ። ቆጠሩ። «በዘጠኝም ልቁጠር?» አሏት። ሳቀች። ወረቀቷን ልትከድን ነበር።

«ቤተሰቡ ያስተዋለው ለውጥ አለ?» አለች።

ኢንሹራንስ መጽሐፉን ከቦርሳው አወጣ። ሰባቱን አግኝቷቸዋል። አንድ በአንድ አነበበላት፤ የምርጥ አንባቢ ድምፅ አለው፣ ውል ሲያነብ የሚጠቀምበት። አባባ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ ተማሪ ሰሙ። ሐኪሟ መሳቋን አቆመች። ወረቀቷን መልሳ ከፈተች።

የጻፈችው ረጅም ነበር።

ዓርብ፣ የካቲት 26

ኢንሹራንስ የአባባን የቤት ቁልፍ ወሰደ። «ለጊዜው ነው አባዬ።» የምድጃውንም ጋዝ ዘጋ። አሁን ቤታችን ማንም ሻይ በራሱ አያፈላም።

አባባ አልተከራከሩም። እኚህ ሰው ስለ አንድ ሰረዝ ከእማዬ ጋር ሁለት ቀን የተኳረፉ ናቸው።

ሰኞ፣ የካቲት 29

ጠዋት ጠዋት ከክፍላቸው ድምፅ ይሰማል። መቶዎቹን ሰዎች በቅደም ተከተል ከነትውልድ ዓመታቸው ይጠራሉ። መቶ ሲደርሱ እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። መጽሐፉን ይዤ በሩ ሥር ተቀምጬ አመሳከርኩ። አንድም አልሳቱም።

እማዬም ሰምታለች። «አባዬ፣ ሁሉንም እኮ ያስታውሳሉ» አለቻቸው ቁርስ ላይ።

«የማውቀውን መርሳቴን መፈተሽ እችላለሁ ልጄ። የማላውቀውን መናገሬን ግን በምን ልፈትሽ?»

ዳቦዬን እዚያው ትቼ ወጣሁ። «ምን ሆና ነው?» ሲል ሰማሁ ኢንሹራንስ። «አያቷን ትወዳለች» አለች እማዬ። እሱን ስሰማ ነው ጫማዬን ሳላስር የሮጥኩት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 4

ቅዳሜ ቅዳሜ አባባ ንባብ ቤት ለልጆች ታሪክ ይናገራሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ቀርተው አያውቁም። ዛሬ የንባብ ቤቷን ኃላፊ በስልክ አገኟት። «ሌላ ሰው ፈልጊ። ልጆቹ የሰሙትን ያምናሉ» አሏት። ስልኩን ዘግተው ሱፋቸውን አውልቀው ሰቀሉት። ለብሰው ነበር የደወሉት።

እሑድ፣ መጋቢት 5

እሺ።

የምረቃው ዕለት ማታ ጠርተው የጠየቁኝ ይህን ነው። «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቀየምሽም። ያን ነገር እኔ ነኝ ያልኩት?»

«አዎ አባባ» አልኩ።

ከዚህ ወዲያ ምን እንደምጽፍ አላውቅም። «የማይነጋ መስሏት» የሚባለው ተረት አለ፤ ቀሪውን እማዬ ቤት ውስጥ እንዳይተረት ከልክላለች። እኔን አይተው ነው የተረቱት። አዎ ስላቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፣ «አመሰግናለሁ» አሉኝ። አመሰግናለሁ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ደህና እደሩ» አልኩ። በሩንም ቀስ ብዬ ዘጋሁላቸው፤ እንዳይረብሻቸው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 9

ነገርኳቸው። ከትምህርት ቤት ተመልሼ ቦርሳዬን ሳላወርድ።

«አባባ፣ ዘጠኙንም እኔ ነኝ የጻፍኳቸው። እርስዎ አላሉም። ለቀልድ ነው። የጠየቁኝ ዕለትም ዋሽቼዎት ነው።»

እጃቸውን ዘርግተው ጭንቅላቴን ፈለጉ። አገኙት። ዳበሱኝ።

«እናትሽ ናት የላከችሽ?»

«ማንም አልላከኝም!»

«ደግ ልጅ ነሽ። እንዲህ ብላ ራሷን የምትከስ ስንት አለች? ግን ይቅር። ለምጄዋለሁ።»

ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ የሚል ሰው ስሰማ ውሸት ይመስለኝ ነበር።

ዓርብ፣ መጋቢት 10

ለእማዬ ነገርኳት። እማዬ ለማመን አንድ ሴኮንድ አልፈጀባትም። ያ ራሱ ያማል። ሳሎኑ መሀል ቆማ ብዙ አየችኝ፤ ከዚያ «ሐኪም ቤት አብረሽን ነበርሽ» አለች። ሌላ ምንም። ወደ አባባ ክፍል ገባች።

ስትወጣ ፊቷ ሌላ ነው። «አያምኑም። ተመካክራችሁ ነው የመጣችሁት አሉኝ። ዳኛው ቢመጡም ልካችኋቸው ነው የሚሉት።» ተቀመጠች። «አርባ ዓመት ተማሪ ሲዋሻቸው ያወቁ ሰው፣ አሁን እውነት ስትነግሪያቸው...» አልጨረሰችውም።

ማስረጃ የለኝም። ፋይሉ ላይ የእኔም የእሳቸውም ዓረፍተ ነገር አንድ ዓይነት ፊደል ነው። ጎበዝ ነበርኩና።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 11

ማስረጃ አለኝ። እጄ ላይ ነው፣ እየጻፍኩበት ነው። ጥር 7። ጥር 13። ቀኑ፣ ዓረፍተ ነገሩ፣ ሳቄ ሳይቀር።

ግን እዚሁ ውስጥ ክቡር አራት ነጥብም አሉ። ግድግዳውም አለ። «አመቺ ጊዜ ነበር» የሚለውም።

ገጾቹን መቅደድ አስቤ ነበር። ሁለቱን ብቻ ቀድጄ ወስጄ ላነብላቸው። ቀጥሎ ደግሞ በእነዚያ ገጾች ምትክ ንጹሕ ንጹሑን ልገለብጥ አሰብኩ። ብዕር አንስቼ አንድ መስመር ጻፍኩ። የአባባን ካፖርት ለብሶ መጣ። ቀደድኩት።

እሑድ፣ መጋቢት 12

ከምሳ በኋላ ገባሁ። «ያኔ የጻፍኩት ማስታወሻ አለኝ። ቀን አለው። የሚመለከተውን ላንብብልዎት።»

«የሚመለከተውን የምትመርጪው አንቺ ነሽ?» አሉ።

ደብተሩን ከፈትኩ።

«ከመጀመሪያው ጀምሪ። ነጥቡንም አታስቀሪ።»

አነበብኩ። ነጠላ ሰረዝ፣ አራት ነጥብ እያልኩ። ሽፋኑን፣ የርዕሰ መምህሩን አረማመድ፣ ጡረታ የወጣውን ዓይን። ግድግዳው ላይ ስደርስ ቆምኩ። «ቀጥዪ» አሉኝ። ጨውን አነበብኩ። ስማቸውን አነበብኩ። ፊታቸውን ላለማየት ግድግዳውን አየሁ፤ እሳቸውም ግድግዳውን ያያሉ።

ዶሮው ላይ ስደርስ ከዘራቸውን ያዙ። ወይዘሮዋ ላይ፣ «የሰካሁት ያኔ ነው» ስል፣ «እዚህ ጋ ድገሚ» አሉ። ደገምኩ። «አመቺ ጊዜ ነበር» የሚለውንም ደገምኩ።

«አዎ አባባ» ያልኩበትን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። በሁለተኛው ላይ ጀርባቸው ቀና አለ። አየሁት። ሦስት ሳምንት ጎብጦ የነበረ ጀርባ።

ስጨርስ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። ከዚያ «ኮቴን አምጪልኝ» አሉ። አመጣሁ። «አጎትሽን ጥሪ።» ጠራሁ።

ኢንሹራንስ መጣ። «ቁልፌን» አሉት።

«አባዬ፣ ሐኪሟ እኮ...»

«ቁልፌን።»

ሰጣቸው። ኢንሹራንስ ክርክር ሲሸነፍ ያየሁት የመጀመሪያው ነው፤ ብስቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልሳቅኩም። አባባ በሩን ከፍተው ሊወጡ ሲሉ ወደ እኔ ዞሩ። ማለት ከእኔ ጎን ወዳለው ግድግዳ።

«ከእንግዲህ እጅሽን አልፈልገውም» አሉ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 15

የሰፊው ልጅ መጣች። ከፎቁ ሥር ያለው ልብስ ሰፊ ልጅ፣ ከእኔ አንድ ክፍል ታንሳለች፣ ስትተይብ ምላሷን ታወጣለች። አባባ አዲስ ጽሑፍ ጀምረዋል፤ አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ይላሉ፣ ትጽፋለች፣ «አንብቢ» ይሏታል፣ ታነባለች፣ ከዚያ ነው የሚቀጥለው። አንድ ገጽ አንድ ሰዓት ይፈጃል።

ከእኔ ጋር አይነጋገሩም። ማለት «ውሃ» ይላሉ፣ «በሩን ዝጊ» ይላሉ። እማዬ «ተያቸው፣ ይበቃቸዋል ሲሉ ይበቃቸዋል» አለች። እሷም ገና አልበቃትም።

ዓርብ፣ መጋቢት 17

የእርማት ወረቀት አስጻፉ። በየመጽሐፉ መጀመሪያ የሚለጠፍ። በሩ ሥር ቆሜ ሰማሁ።

«በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከታች የተዘረዘሩት ዘጠኝ ዓረፍተ ነገሮች የእኔ አይደሉም አራት ነጥብ። ሳላስነብብ ማሳተሜ ግን የእኔ ጥፋት ነው አራት ነጥብ። አንብቢ።»

የሰፊው ልጅ አነበበች። ስሜን ጠበቅኩ። ዘጠኙን ዘረዘሩ፣ ቀኑን አስጻፉ፣ ፈረሙ። ስሜ የለም።

ማታ ራት ላይ ወረቀቶቹን በክር አስረው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከላይ መጽሐፉን የወሰዱ ሰዎች ዝርዝር አለ፤ የዳኛው እጅ ጽሑፍ ነው፤ ቤታቸው ሁሉ ተጽፏል። ከጎኑ የሙጫ ጠርሙስ። ማንን እንደሚመለከት ማንም አልጠየቀም። ወሰድኩት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 18

አባባ ሱፋቸውን ለብሰው ወደ ንባብ ቤት ሄዱ። ብቻቸውን። እኔ በሌላኛው መንገድ።

መጀመሪያ ዳኛው። ወረቀቱን ቆመው አነበቡ፣ ሁለት ጊዜ። «ታዲያ የማን ናቸው?» አሉ። መንገድ ላይ ሳስብ ነበር፤ አታሚው ማለት ይቻላል፣ ኮምፒውተሩ ማለት ይቻላል፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማድረግ የኔ ሙያ ነው። «የእኔ» አልኳቸው። ዳኛ ናቸውና ፍርድ ጠበቅኩ። መጽሐፉን ሰጥተውኝ እስክለጥፍ ጀርባቸውን ሰጥተው መስኮቱ ጋ ቆሙ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት አሥራ አንድ ቤት አዳረስኩ። አንዱ ሳቀ፤ የሳቀው ከሁሉም የከፋ ነበር። አንዷ «እናትሽ ታውቃለች?» አለች። አንድ ሽማግሌ ከሰሙ በኋላ በሩን ዘጉብኝ፤ መጽሐፉን ግን በመስኮት አቀበሉኝ።

አሥራ ሁለተኛው ቤት በሩን የከፈተችው በምረቃው ዕለት ከጀርባዬ ከነበሩት ሴቶች አንዷ ናት። በድምፅዋ አወቅኋት። ከአባባ ቤት መምጣቴን ስነግራት ፊቷ በኀዘኔታ ለስልሶ እጄን ያዘችኝ።

«እንዴት ናቸው? አሁንም ያምታታቸዋል?»

«አልተምታታባቸውም» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

እጄን ለቀቀችኝ። ገብታ መጽሐፉን አመጣች፣ ሙጫውን እስክቀባ፣ ወረቀቱን እስክለጥፍ፣ ጠርዙን በአውራ ጣቴ እስክጫን ድረስ ከላዬ ቆማ አየችኝ።